የመሶቡ ክዳን

በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ የሚቀላቅል ነጋዴ ሲያዝ አገር ሁሉ ይረግመዋል። ፍርድ ቤት ቢለቀው እንኳ እግዜር እንደማይለቀው የሚጠራጠር የለም፤ ወገኑን በሆዱ በኩል ያጠቃ ነውና። ትናንት ማታ የተሠራውን የሥጋ ወጥ ምድጃው ላይ እንዳለ አሳድራ ጠዋት ለብ ለብ አድርጋ ለልጆቿ ያቀረበችን እናት ግን ማንም አይከሳትም። ልጆቹ ቢያስመልሳቸውና ሆዳቸውን ቢቆርጣቸው «ምን ነካቸው?» ይባላል እንጂ «ማን ነካቸው?» አይባልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጋዴው አስቦበታል፣ እናትየዋ አላሰበችም፤ እሱ ትርፍ ሽቶ ነው፣ እሷ ልጆቿ እንዲጠግቡላት ነው። የኅሊናችን ዳኛም የመጀመሪያውን ኃጢአት፣ ሁለተኛውን አጋጣሚ ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። እዚህ ላይ የምጠይቀው መዝገቡ በትክክል ተዘግቷል ወይ የሚለውን ነው። ሰው በደግ ልብ፣ ባርኮና ቆርሶ ባቀረበው ማዕድ ሌላው ቢታመም በደል አለ ወይ? ካለስ ከየት ይጀምራል?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ በደል አለ። ሆኖም በደሉ የሚለካው በአሳቢነት ወይም በክፋት አይደለም፤ በማወቅ ነው። ማወቅ በሚቻልበት ቤት ላለማወቅ መምረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ምንም አለመሥራት አይደለም። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ መብላት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማየት ያሻል።

ከሰው እጅ መብላት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። እንግዳ ጓዳ ገብቶ ድስት አይገልጥም፤ ቢገልጥ ነውር ነው። ቢላዋው ምን እንደቆረጠ፣ ውሃው ከየት እንደተቀዳ፣ ያቦካው እጅ ከዚያ በፊት ምን እንደነካ ሳይጠይቅ አፉን ይከፍታል። ጉርሻ ሲሆን ደግሞ እጁን እንኳ አያነሣም፤ የሌላው ጣት እስከ ከንፈሩ ይደርሳል። አባቶቻችን ይህ መተማመን ምን ያህል ለጥቃት የተጋለጠ እንደሆነ ያውቁ ነበር። በመኳንንቱ ቤት ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ጨምሮ ይጠጣ የነበረው ለወግ ብቻ አልነበረም፤ መርዝ ቢኖርበት መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው ማለት ነበር። ብልህ ሥርዓት ነው፤ የሚሠራው ግን ሆን ተብሎ በተጨመረና ቶሎ በሚገድል መርዝ ላይ ብቻ ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያ ሰውን ለመጣል አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። አሳላፊው በመዳፉ ጠጥቶ ጌታውን አስተማምኖ፣ ግብዣው አልቆ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ከዚያ በኋላ ነው አልጋ የሚያዘው። ያን ጊዜ ያችን ብርሌ የሚያስታውስ የለም።

ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ እዚህ ላይ ዳኛ መሆን አይችሉም። ወጥን የሚያሸቱት ተሕዋስያንና ሰውን የሚያሳምሙት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ያልሸተተ ሁሉ ደኅና አይደለም። ስሌቱን ተመልከቱት። በሚመቸው ሙቀት ውስጥ ያለ አንድ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ሁለት ይሆናል ብንል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ባሉት 7 ሰዓታት ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ሁሉም እንዲህ አይፈጥንም፤ አዳሩን የምናሳልፍበት የቤት ሙቀት ግን ለብዙዎቹ ይመቻል። የድግስ ትልቅ ድስት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከምድጃ ወርዶ ዳሩ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ እንደ ዘር የሚቆጠር ጠንካራ ሽፋን ስላለው መንተክተኩን ችሎ ያልፍና እዚያው ለብታ ውስጥ ይነቃል። «ጠዋት እናሞቀዋለን» የሚለው መተማመኛም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ከእጅ ቁስልና ከአፍንጫ ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚተፋው መርዝ፣ ባክቴሪያው ራሱ በእሳት ከሞተ በኋላም ሳይበላሽ ሊቀር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ጓዳ ያወጣው መመሪያ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። የሚበስለው እስከ መሐሉ 70 ዲግሪ ይድረስ፤ ትኩስ የሚቆየው ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ፤ ማቀዝቀዣ የሚገባው ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን፤ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ አይቀመጥ። ትልቁን ድስት በጊዜ ጎድጓዳ ወዳልሆኑ ሰፋፊ ዕቃዎች መገልበጥ ከዚህ የሚመጣ ነው። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በተበከለ ምግብ በዓመት 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፣ 420,000 ይሞታል፤ ከሟቾቹ 125,000 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነው። እነዚህን ልጆች ሁሉ ሸክላ የፈጨ ነጋዴ አልገደላቸውም። አብዛኞቹ የበሉት ከሚወዳቸው እጅ ነው።

የማይታይ ነገር ሰውን ሊያስጠይቅ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከላቦራቶሪ የመጣ አይደለም። ክዳንን ብቻ ተከትሎ መሄድ ይበቃል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 ሰው በሞተበት ድንኳን ውስጥ ክዳን ያልታሰረበት ዕቃ ሁሉ እንደ ርኩስ ይቆጠራል። የአይሁድ ሊቃውንት ሳይከደን የቆየ ውሃ፣ ወይንና ወተት እንዳይጠጣ ከልክለዋል፤ ማንም ሳያይ እባብ ቀምሶት መርዙን ጥሎበት ይሆናል ብለው። እነዚያው ሊቃውንት በታልሙድ ውስጥ አደጋ ከክልክል ነገር በላይ ይጠበቅበታል የሚል መርሕ አኑረዋል፤ ሥርዓት ተፋልሶ ይሆን ብለህ ብትጠራጠር የሚያቃልልልህ ሕግ ታገኛለህ፣ ነፍስ ላይ ያለ አደጋን ብትጠራጠር ግን አታገኝም። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ማታ ማታ ዕቃ እንዲከደን፣ አቁማዳ እንዲታሰር ማዘዛቸው በሐዲስ ተመዝግቧል፤ የሚከድንበት ያጣ ሰው እንጨትም ቢሆን አግድም ያሳርፍበት ይላል። ያች እንጨት ታስገርማለች። ዝንብ አትከለክልም፣ አቧራ አትከለክልም። ሰውየው ከመተኛቱ በፊት ስለ ዕቃው እንዲያስብ ግን ታስገድደዋለች።

ይህን ስል «ሙሴ ባክቴሪያን ያውቅ ነበር» ከሚሉት ሰባኪዎች ጋር አልቆምም። እንግሊዛዊቷ የባህል ተመራማሪ ሜሪ ዳግላስ በ1966 ባሳተመችው ዝነኛ መጽሐፍ የንጽሕና ሕጎችን ሁሉ ወደ ጤና መመሪያ መመንዘር ሕጎቹን አለመረዳት መሆኑን አሳይታለች፤ ትክክል ናት ብዬ አምናለሁ። ግመልና ጥንቸል የተከለከሉት ስለሚያሳምሙ አይደለም። ከእነዚህ ሕጎች የምወስደው እውቀታቸውን ሳይሆን የኃላፊነት አሳባቸውን ነው። የከደነው ሰው እባቡን አላየም፤ ግን አለማየቱ ነጻ እንደማያወጣው ተነግሮታል።

የእኛም መሶብ ክዳን አለው። የሚከደንበት ምክንያት ሲጠየቅ ግን ከዝንብ ይልቅ ቀድሞ የሚነሣው የሰው ዓይን ነው። ምግብ ለማያውቁት ዓይን አይገለጥም፤ በልቶ የታመመ ልጅ «ዓይን ገብቶበት ነው»፣ ሲብስም «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። ብዙ የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ክዳኑ ከዝንቡም ስለሚከላከል ምን ጎዳን ይላል። የጎዳን ሌላ ቦታ ነው። በሽታው ከድስቱ ሳይሆን ከጎረቤት ዓይን መጣ የሚል ማብራሪያ ጥፋቱን ከጓዳ አውጥቶ በሰው ላይ ይጥለዋል። የሚጣልበትም ሰው በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። በጎንደር ዙሪያ ብረት ይቀጠቅጡና ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ለዘመናት በዚህ ክስ ተገፍተዋል። ከሌላ ሰው ጋር ተነካክተው ሲመለሱ የሚታጠቡ፣ ለዚህም «አትንኩኝ» የሚል ስም የወጣላቸው ሕዝብ፣ የሰውን ልጅ በዓይን በላችሁ ተባሉ። ነገሩን ይበልጥ የሚያመው ወጡ የተሠራበት ድስትም፣ እንጀራው የተጋገረበት ምጣድም የእነሱ እጅ ሥራ መሆኑ ነው። ከሳሹ የተከሳሹን ድስት በእሳት ላይ ጥዶ፣ ወጡን ሜዳ ላይ አሳድሮ፣ ጠዋት ተከሳሹን ይረግማል። የምግብ ንጽሕና እውቀት የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው። እውነተኛው ምክንያት ሳይታወቅ ሲቀር ቦታው ባዶ አይቀመጥም፣ ደካማ ሰው ይቀመጥበታል።

ታዲያ ተጠያቂነቱ ከየት ይጀምራል? ብሉይ ኪዳን ሁለት ምሳሌ አለው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅለት ታዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናልና። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም፤ የወደቀው ሰው ምናልባት ራሱ አልተጠነቀቀም። ሆኖም ጣራው የእሱ ነው፣ ሰው እንደሚወጣበትም ያውቃል። ሁለተኛው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ያለው የወጊ በሬ ሕግ ነው። በሬው በድንገት ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ እንደነበር ተነግሮት ያላሰረው ከሆነ ግን ባለቤቱም ይጠየቃል። በሬው ያው በሬ ነው፣ ቀንዱ ያው ቀንድ ነው፣ የባለቤቱም ልብ ምንም ክፋት የለበትም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተነግሮታል።

የዚህ ሕግ ሕያው ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሜሪ ማሎንን ተመልከቱ። ከአየርላንድ ተሰዳ ኒው ዮርክ የገባች ጎበዝ ወጥ ቤት ነበረች። በ1906 ክረምቱን ኦይስተር ቤይ በተከራየ አንድ ሀብታም ቤተሰብ ቤት ውስጥ ከ11 ሰው 6ቱ በታይፎይድ ታመሙ። ጉዳዩን የመረመረው ጆርጅ ሶፐር ወጥ ቤቷ ቀድሞ የሠራችባቸውን ቤቶች ሲከታተል በሽታው ከኋላዋ ሲከተላት አገኘው። እሷ ግን ጤነኛ ነበረች። ራሱ ሳይታመም ባክቴሪያውን ተሸክሞ የሚኖር ሰው መኖሩ ገና አዲስ እውቀት ነበር፤ ለሐኪም እንኳ እንግዳ በሆነበት ዘመን ወጥ ቤቷ አልቀበልም ማለቷ አይገርምም። እሳት የነካው ምግቧ ብዙም አልጎዳም፤ ሶፐር የጠረጠረው እሳት ያልነካውን፣ በእጇ የቆራረጠችውን ኮክ የገባበትን አይስክሬም ነው። በ1907 ተይዛ ኢስት ሪቨር በሚባለው ወንዝ ላይ ባለ ደሴት ተገልላ እስከ 1910 ቆየች። እዚህ ድረስ የበደሉ ሚዛን ወደ ከተማዋ ያጋድላል ብል አላፍርም። ምግብ ከመሥራት በቀር ሙያ የሌላት ድሃ ስደተኛ ናት፤ ሌሎች ጤነኛ ተሸካሚዎች እንደ እሷ አልታሰሩም። ስትፈታ ግን ዳግመኛ ለሰው ምግብ ላትሠራ ቃል ገብታ ነው የወጣችው። በልብስ አጠባ ሥራ ያገኘችው ደመወዝ ግን አልበቃትም። በ1915 በኒው ዮርክ አንድ የሴቶች ሆስፒታል ታይፎይድ ገብቶ 25 ሰው ታመመ፣ 2 ሞቱ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ስሟን ቀይራ ስትሠራ ተገኘች። እንደገና ወደ ደሴቷ ተመለሰችና በ1938 እዚያው ሞተች።

ማሎን እስከ መጨረሻው ጤነኛ ነኝ ብላ ከልቧ ታምን ነበር። የመጀመሪያዋ ሜሪና የሁለተኛዋ ሜሪ በእጅ፣ በሙያ፣ በደግነትም አይለያዩም። ልዩነታቸው የበሬው ባለቤት ልዩነት ነው፤ ሁለተኛዋ ተነግሯታል። ከልብ ማመን እዚህ ላይ አይከላከልላትም፤ ያመነችው የሚነግሯትን ማስረጃ መርምራ ሳይሆን ማስረጃው የሚያስከፍላት ዋጋ ስለከበዳት ነው። ከ1907 ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ለአንዲት ሴት የተነገረው ነገር ዛሬ በትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ በሬድዮና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አፍ ለሁላችንም ተነግሮናል። በሬው ተዋጊ መሆኑን ያልሰማ ከተማ ቀመስ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

የሃይማኖት ሰው እዚህ ላይ ወንጌልን ጠቅሶ ይቃወመኝ ይሆናል። ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ በሉ ብለው ሲከሱ፣ ጌታ ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባው ሳይሆን ከልብ የሚወጣው ነው ብሎ መልሶላቸዋል፤ ታዲያ ማዕዱ በጸሎት ከተባረከ ምን ያስፈራል? ተቃውሞው ከባድ ይመስላል፤ ጥያቄውን ግን ስቶታል። በማርቆስ ምዕራፍ 7 የተከራከሩት በሰው ነፍስ ርኩሰት ላይ እንጂ በሆድ ሕመም ላይ አይደለም። እንዲያውም ቃሉን እስከ መጨረሻው ከወሰድነው ወደ እኔ ክርክር ይመጣል። የታመመው በላተኛ አልረከሰም፣ እውነት ነው። ከልብ ከሚወጡት ክፉ ነገሮች አንዱ ግን ስለ ሌላው ሰው ግድ ማጣት አይደለምን? ያልታጠበ እጅ አያረክስም፤ እያወቀ ላለመታጠብ የወሰነ ልብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሚገድል ነገር ቢጠጡ አይጎዳቸውም የሚለውን የማርቆስ ምዕራፍ 16 ተስፋም የሚጠቅሱ አሉ። ዲያብሎስ ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለውም ተስፋ ነበር የጠቀሰለት፤ መልሱ አምላክን አትፈታተን የሚል ሆነ።

ከጥቅስ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ራሱ ነው። ከምግብ ሁሉ እጅግ የሚባረከው የቅዳሴው ኅብስት ነው፤ ከምግብ ሁሉ እጅግ ጥንቃቄ የሚደረግበትም እሱ ነው። ስንዴው ተለቅሞ፣ ዱቄቱ ለብቻው ተጠብቆ፣ ለዚሁ በተለየው ቤተ ልሔም በዕለቱ ይጋገራል። የትናንቱ ለዛሬ አይቀርብም። የሚባረክ ስለሆነ እንዴትም ቢዘጋጅ ግድ የለም ያለ ዲያቆን አልተሰማም። ቡራኬና ጥንቃቄ አንዱ ሌላውን የሚተካ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቤት ቀድሞ በተተካ ነበር። ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ የሚለው የነቢዩ ምክርም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የምላስ ጫፍ ላይ ያለ ነው፤ «አባቶቻችን ሲበሉ ኖረው ምን ሆኑ?» ምን እንደሆኑማ የታወቀ ነው፤ ኮሶ ጠጡ። በጥሬ ሥጋ ውስጥ የሚመጣው ትልና የሚያስወጣው ዛፍ በአንድ ስም የሚጠሩበት አገር ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። በ18ኛው መቶ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ዛፉን በጽሑፉ ሲገልጽ፣ ኮሶ መጠጣት በየቤቱ በየጊዜው የሚመለስ ግዴታ ነበር። አባቶች ምንም አልሆኑም ማለት እነሱ ራሳቸው የሚያውቁትን ዋጋ መካድ ነው፤ መራራውን እየጠጡ ከፍለውታልና። ከጥሬ ወተት ጋር የሚመጣው ብሩሴሎሲስና ቲቢ ደግሞ በኮሶ አይወጣም። በዚያው ላይ፣ አባቶችንና እናቶችን በእውነት የሚያከብር ሰው ለመናቅ የሚቸግሩ ጥንቃቄዎችን ያገኛል። የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ የምታጥነው፣ ቅቤውን በኮሰረትና በኮረሪማ የምታነጥረው፣ ሥጋውን ቋንጣ አድርጋ ገመድ ላይ የምትሰቅለው፣ ሊጡን በእርሾ የምታኮመጥጠው ሴት ምግብን ከጥፋት ለማዳን የሚያስችል ዕውቀት ነበራት፤ ጢስ፣ ጨው፣ ድርቀት፣ ኮምጣጣነት ዛሬም ሳይንስ የሚመክራቸው ናቸው። የጠፋው ያ ጥንቃቄ ነው። ዕርጎውን ትተን ጥሬውን ወተት ይዘን፣ የዕለቱን ወጥ ትተን የሳምንቱን አብስለን፣ መብራት በሚጠፋበት ማቀዝቀዣ አምነን «የአባቶቻችን ነው» እንላለን።

ትጋት ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት የፋሲካን ዋዜማ ጓዳ መመልከት ነው። ዶሮው 12 ቦታ ተበልቶ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ይታጠባል። ይህን ያህል የሚለፋበት ሥጋ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ቁሌት ውስጥ ይንተከተካል፤ በላዩ የነበረ ሳልሞኔላ ሁሉ በእሳት ያልቃል። ውሃው በተፈናጠረበት መክተፊያ ላይ ግን እሳት የማያየው ቲማቲምና ቃሪያ ይከተፋል። ልፋቱ ሁሉ እሳት በሚያጸዳው ላይ አለቀ፤ ለመክተፊያው አንድ ጊዜ በሳሙና ማጠብ አልተረፈለትም። ባለሙያዋን የሚወቅስ ልብ የለኝም። ሙያ ተብሎ የተማረችው ይህን ነው፤ የምትመሰገነውም በዚህ ነው።

የከበደኝ ተቃውሞ ይህ ነው። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፣ የተረፈውን መድፋት ልጅን ማስራብ በሆነበት ኑሮ ስለ 5 ዲግሪ ማውራት የጥጋበኛ ነገር አይደለም ወይ? ነው፣ ማወቅ ብቻ ያስጠይቃል ከተባለ። ድርቅ ሲመጣ ሌላው ሰብል ከስሞ ጓያ ብቻ ይቀራል፤ ገበሬው ለወራት እሱን ብቻ ቢበላ እግር እንደሚያሽመደምድ እያወቀ ይበላል። ያ ሰው በድሏል የሚል ካለ እኔ አብሬው የለሁም። ማወቅ የሚያስጠይቀው መቻልን ሲያገኝ ነው፤ መከታ የሚሠራው ጣራ ያለው ነው። እዚህ ግን ክርክሩ አይቆምም፣ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። ጓያውን ከሽሮ ቀላቅሎ «ንጹሕ ሽንብራ ነው» ብሎ የሚሸጠው አውቋልም ችሏልም። የቧንቧውን መስመር የሚዘረጋውም እንዲሁ። በቤት ውስጥ ደግሞ ጓዳ የሴት ነው ብሎ እግሩን የማያነሣ፣ ቴሌቪዥኑን ከማቀዝቀዣው አስቀድሞ የሚገዛ፣ «ትናንት የነበረውን ምን አደረግሽው?» እያለ የሚደፋውን የሚቆጥር ባል አለ። ከላይ ስለ ጠዋቱ ወጥ «እናት» ብዬ ጀምሬያለሁ፤ ፍርዱን ግን ለእሷ ብቻ ማሸከም ቡዳን ለሸክላ ሠሪዋ ከማሸከም ብዙ አይርቅም።

ይህን ሁሉ መቁጠር እንግዳ ተቀባይነትን ይገድላል የሚሉም አሉ። ጉርሻ ሲቀርብለት እጅ የሚመረምር ሰው ምን ዓይነት ወዳጅ ነው? እኔም በላተኛው ይመርምር አልልም፤ መተማመኑ ይቅር ብል ኖሮ ስለ በደል ማውራት ባላስፈለገ። በላተኛው ዓይኑን ስለ ጨፈነ ነው አብሳዩ ሁለት ዓይን የሚያስፈልገው። ሆኖም ጥያቄ ሁሉ ነውር አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4፣ በረሀብ ዘመን አንድ ሰው ምንነቱን ሳያውቅ የለቀመውን የዱር ቅል ድስት ውስጥ ጨመረ፤ በላተኞቹ ሲቀምሱት ሞት በድስቱ እንዳለ ጮኹ። ነቢዩ ኤልሳዕ ባለጌዎች አላላቸውም፣ ባርካችሁ ብሉም አላላቸውም። ዱቄት አስመጥቶ ድስቱ ውስጥ ጨመረ እንጂ።

ጥሬ ሥጋን የሚወድ አንባቢ እስካሁን በትዕግሥት ጠብቆኛል። አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ዘመን ባጠናቀረው የሕግ መጽሐፉ «ራሴን ባስጎዳ ሌላውን ምን አገባው?» የሚል ሰው ይገረፍ ይላል። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ቁርጥ ፊት የተቀመጠ፣ ትሉንም መድኃኒቱንም የሚያውቅ ጎልማሳ ምርጫው የራሱ ነው፤ ፌሽታውን አልነፍገውም። ቢላዋው ወደ ራሱ አፍ ሲሄድና ጉርሻው ወደ እርጉዟ ሚስቱ ወይም ወደ አራት ዓመት ልጁ ሲሄድ ግን አንድ ነገር አይደለም። በጥሬ ሥጋ የሚመጣ ቶክሶፕላዝማ እሷን ሳያሳምም ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። እሷ እምቢ ማለት ነውር ስለሚሆንባት አፏን ትከፍታለች፤ ልጁም አባቱ ስለሆነ ይከፍታል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፣ ምርጫው ግን የእነሱ አልነበረም።

ከማዕድ በፊት የቤቱ ልጅ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ በሌላው ማስታጠቢያ ይዞ ይገባል። ከአዛውንቱ ይጀምራል፤ ጎንበስ ብሎ ያፈስሳል፤ «ተባረክ» ይባላል፤ እስከ መጨረሻው እንግዳ ይዞራል። ማንም አይዘለልም፣ ማንም አይቀየምም፣ «እጄን ጠረጠርከው?» የሚል የለም። ሥርዓቱ ከጥርጣሬ ሳይሆን ከአክብሮት ተሠርቷልና። በዚያው ሰዓት ከመጋረጃው ወዲያ ያቦካው፣ የከተፈው፣ ሕፃን ያጸዳው፣ ስልክ ያነሣው፣ ወጡን በመዳፉ ጠብ አድርጎ የቀመሰው እጅ እንጀራውን እየዘረጋ ነው። ልጁ ሳሎን ከመግባቱ በፊት በጓዳ በኩል ቢያልፍ የሚጨመርበት መንገድ አሥር እርምጃ አይሞላም።